አፍሪቃ ስለሚባለው ስም

በኦሪት ዘፍጥረት በ25ኛው ምዕራፍ አብርሃም ከኬጡራ የወለዳቸው ሲቈጠሩ፥ ከምድያም ልጆች አንዱ ዔፌር ይባላል። ፍላቭዮስ የሚሉት አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፥ ዔፌር በሊብያ ላይ ዘምቶ ያዛት፥ የልጅ ልጆቹም በዚያ ተቀምጠው በስሙ አፍሪቃ አሏት ብሎ ጽፏል። በዚህ ቃል አፍሪቃ ማለት የዔፌር ምድር ማለት ነው።

አንድም፥ ዓፋር በዕብራይስጥ ትቢያ ነው፤ የእኛም አፈር ዘመዱ ነው። ሮማውያንም የዚያን አገር ሰው፥ አንዱን አፌር፥ ብዙዎቹን አፍሪ ይሉ ነበርና፥ ምድረ ትቢያ ማለት ነው የሚሉ አሉ። እኔም በጐልማሳነቴ ይህን ሳስተምር የአዳምን ከአፈር መፈጠር እየጨመርሁ አሰፋው ነበር፤ ሰሚውም ደስ ይለው ነበር። የድምፅ መመሳሰል ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም። አንድም፥ በበርበሮች ቋንቋ ኢፍሪ ዋሻ ነውና፥ የዋሻ ነዋሪዎች አገር ማለት ነው ይላሉ።

የዮሴፍ ቃል ከሁሉ ይልቅ ለጆሮ የጣመ ነው። ነገር ግን ኦሪት በዚያው ምዕራፍ በ6ኛው ቍጥር፥ አብርሃም እነዚህን ልጆች ወደ ምሥራቅ እንደ ሰደዳቸው ይናገራል፤ ሊብያ ደግሞ በምዕራብ ናት። ስለዚህ ይህን ትርጓሜ የሚያነሣ መምህር የዮሴፍ ነው ይበል እንጂ የኦሪት ነው አይበል።

የተረዳው ነገር ይህ ነው። ሮማውያን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ146 ዓመት ቅርጣግናን አጠፉ፤ ከተማዪቱም ዛሬ ቱኒስ ከምትባለው አጠገብ ነበረች። አገሯንም አውራጃ አድርገው፥ በዚያ በሚኖሩት በአፍሪ ስም አፍሪቃ አሏት። በ258 ዓ.ም. አንገቱን የተሰየፈው የቅርጣግናው ጳጳስ ቆጵርያኖስ አፍሪቃዊ የተባለው በዚህ አውራጃ ነው። ዐረቦችም በኋላ ያንኑ ወገን ኢፍሪቅያ አሉት። ጽርዓውያን ግን ከግብጽ በስተ ምዕራብ ያለውን ሰፊ ምድር ሊብያ፥ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ ሰብዓ ሊቃናትም ኵሽን ኢትዮጵያ ብለው የተረጐሙት በዚህ ልማድ ነው። የአንዲት አውራጃ ስም ለክፍለ ዓለሙ ሁሉ የሆነው ከዘመን ብዛት ነው።

ስለዚህ ብሉይን በዕብራይስጡ፥ ሐዲስን በጽርዑ ብትመረምር አፍሪቃ የሚል ስም አታገኝም። የጌታን መስቀል የተሸከመው ስምዖን የቀሬና ሰው ነውና ዛሬ አፍሪቃዊ እንለዋለን። በእርሱ ዘመን ግን ቀሬና ከቀርጤስ ደሴት ጋር አንድ አውራጃ ነበረች፤ ሉቃስም በግብረ ሐዋርያት በ2ኛው ምዕራፍ ቀሬናን ሲያነሣ ያያያዛት ከሊብያ ጋር ነው።