«የደም ቴአትር» እና የተመልካቾቹ ፍርድ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ለእይታ የበቃው «ቲያትር ኦቭ ብለድ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም፣ በዚህ ጽሑፍ «የደም ቴአትር» የምንለው፣ የተመልካችን አስተያየት ታሪክ ለሚያጠና ሰው የተለየ ሰነድ ነው። ታሪኩ ክፉ ሒስ የጻፉበትን ሐያስያን አንድ በአንድ ስለሚገድል ተዋናይ ይተርካልና፣ ፊልሙን የሚመዝን ተመልካች ሳያስበው በራሱ በመመዘን ሥራ ላይ ይመዝናል። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የተከማቸውን አስተያየት ስናገላብጥ፣ አንዳንዱ አስፈሪ ፊልም ነው ብሎ ሲበይን፣ ሌላው ኮሜዲ ነው ይላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ላለፈ የቴአትር ወግ የተወረደ ሙሾ ነው የሚሉት በርክተዋል። ፍርዶቹ በየትኛው ዘመን፣ በምን ምክንያት እንደተሰጡና የትኛው ማስረጃ የትኛውን እንደሚደግፍ እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩን ለመከተል የታሪኩን አንኳር መያዝ ያስፈልጋል። ቪንሰንት ፕራይስ የሚጫወተው ኤድዋርድ ላየንኸርት ዕድሜውን በሼክስፒር ተውኔቶች ላይ የፈጀ የመድረክ ሰው ነው። የሐያስያን ማኅበር የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ለእሱ እንደሚሰጥ አልተጠራጠረም፤ ሽልማቱ ግን ለአንድ ወጣት ይሄዳል። ላየንኸርት ሐያስያኑ በተሰበሰቡበት የቴምዝ ዳር ቤት ድንገት ገብቶ፣ የሐምሌትን ዝነኛ ንግግር አሰምቶ፣ ከሰገነቱ ወደ ወንዙ ይወድቃል። ዓለም እንደሞተ ያምናል። እሱ ግን የመጠጥ ሱስ የጣላቸው ጎዳና አዳሪዎች ከውኃው አውጥተውት፣ ዲያና ሪግ ከምትጫወታት ልጁ ከኤድዊና ጋር በተዘጋ ቴአትር ቤት ተሸሽጎ ይከርማል። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚጀምረው ግድያ የመጨረሻውን የሼክስፒር ወቅቱን ዝርዝር ይከተላል፤ እያንዳንዱ ሐያሲ የሚሞተው ከአንዱ ተውኔት በተወሰደ አሟሟት ነው።

ከ1973 በፊት የነበረው የመጀመሪያዎቹን ተመልካቾች ፍርድ አስቀድሞ ቀርጾታል። ፕራይስ በ1971 «ዘ አቦሚነብል ዶክተር ፋይብስ» በተባለው ፊልም፣ ለሚስቱ ሞት ተጠያቂ ያደረጋቸውን ሐኪሞች በግብፅ መቅሠፍቶች አምሳል ሲገድል ታይቷል፤ ተከታዩም በ1972 ወጥቷል። ስለዚህ «የደም ቴአትር»ን እንደ ሦስተኛ ፋይብስ የቆጠሩት ተመልካቾች ያለ ምክንያት አልቆጠሩትም። ተዋናዩ ያው ነው፣ ዕቅዱም ከታወቀ መጽሐፍ የተቀዳ ተከታታይ በቀል ነው። ሆኖም ደራሲው አንቶኒ ግሬቪል ቤል፣ ዳይሬክተሩም ዳግላስ ሂኮክስ ከፋይብስ ሰዎች ወገን አልነበሩም። ሂኮክስ ከሦስት ዓመት በፊት የጆ ኦርተንን ተውኔት «ኢንተርቴይኒንግ ሚስተር ስሎን»ን ወደ ፊልም ያመጣ ሰው ነበርና፣ ሞትንና ሳቅን በአንድ ክፍል የማዋል ልምዱን ይዞ የመጣው ከመድረክ ነው። ከዚህ የራቀ የዘር ሐረግም አለ። በ1949 «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» በተባለው ፊልም ዴኒስ ፕራይስ ወደ ማዕረግ የሚያደርሰውን መንገድ የዘጉበትን ዘመዶቹን በፍጹም ጨዋነት የሚያጠፋ ገዳይ ነበር። በ«የደም ቴአትር» ይኸው ዴኒስ ፕራይስ ተራው ደርሶ በጦር ተወግቶ፣ ሬሳው በፈረስ ጭራ ታስሮ ይጎተታል፤ በ«ትሮይለስና ክሬሲዳ» ሄክቶር ላይ እንደደረሰው። የቀድሞውን ፊልም ያስታወሰ እንግሊዛዊ ተመልካች በዚህ ትዕይንት ያየውን፣ ያላስታወሰው ሊያየው አይችልም።

ለመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አለመስማማት አንደኛውን ምክንያት የምናገኘው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ከተገዳዮቹ ጋር የነበራቸው ትውውቅ እኩል አልነበረም። አርተር ሎው በዚያ ዘመን «ዳድስ አርሚ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በየቤቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። ኤሪክ ሳይክስም እንዲሁ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ባለሙያ ነበር። የሎውን የአሟሟት ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ሐያሲ ሆራስ ስፕራውት ከሚስቱ ጎን ተኝቷል። ላየንኸርትና ልጁ በሌሊት ገብተው፣ ባልና ሚስቱን በመድኃኒት አደንዝዘው፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ተረጋግተው የሰውዬውን አንገት ይቆርጣሉ። ሚስትየው ጠዋት ነቅታ አጠገቧ ያለው አካል ራስ እንደሌለው ታገኛለች። ራሱ ደጅ ላይ በወተት ጠርሙስ አፍ ተቀምጧል። ይህን ትዕይንት ሎውን እንደ ቤተሰብ የሚያውቅ ተመልካችና ሎውን አይቶት የማያውቅ አሜሪካዊ በአንድ ዓይን ሊያዩት አልቻሉም። ለአንዱ የተቆረጠው የጎረቤቱ ራስ ነው፤ ድንጋጤውም ሳቁም ከዚያ ይመነጫል። ለሌላው የማያውቀው ሰውዬ ሬሳ ነውና፣ ፊልሙን ከአስፈሪዎቹ መደብ ውስጥ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የሼክስፒር ዕውቀት ነው። የስፕራውት ሚስት የደረሰባት ነገር ከ«ሲምበሊን» የተወሰደ ነው፤ በተውኔቱ ኢሞጅን ነቅታ ራስ የሌለውን የክሎተንን ሬሳ አጠገቧ ታገኛለች። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ደራሲው ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደሠራ ይገነዘባል፤ የማያውቀው ጭካኔውን ብቻ ይቆጥራል። የአማርኛ አንባቢም «ኦቴሎ»ን በባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያውቀዋልና፣ ጃክ ሆኪንስ የሚጫወተው ሐያሲ በሐሰት ቅናት ተነሣሥቶ ሚስቱን በትራስ ሲያፍን፣ ገዳዩ በገዛ እጁ ያልነካው ሰው እንዴት እንደጠፋ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

ለሼክስፒር ታማኝ መሆኑን የሚያወድሱትን ምስክሮች ግን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። በ«የቬኒሱ ነጋዴ» ሻይሎክ አንድ ፓውንድ ሥጋውን ሳያገኝ ይቀራል፤ በፊልሙ ግን ላየንኸርት የአንዱን ሐያሲ ልብ ቆርጦ ያወጣል። ፊልሙ ይህን ልዩነት አልደበቀም፤ ሼክስፒርን ለማረም የሚደፍረው ላየንኸርት ብቻ ነው የሚል ትዝብት በሐያሲው ዴቭሊን አፍ አስቀምጧል። የ«ሪቻርድ ሣልሳዊ»ው ግድያ ከዚህም ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ሐያሲ ላርዲንግ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ሰምጦ ይሞታል፤ ብዙ ተመልካችም ተውኔቱን በትክክል የተከተለ አድርጎ ይወስደዋል። በሼክስፒር ድርሰት ግን የክላረንሱ መስፍን አስቀድሞ በጩቤ ይወጋል፤ በርሜሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙ ወደ ሌላ ምንጭ የቀረበ ይመስለናል። ቪንሰንት ፕራይስ ራሱ በ1939 «ታወር ኦቭ ለንደን» በተባለው ፊልም ክላረንስን ሆኖ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ሰምጧል፤ በ1962 ተመሳሳይ ርእስ ባለው ሌላ ፊልም ደግሞ ሪቻርድን ሆኖ ተጫውቷል። በ1973 በርሜሉን የሚከድነው፣ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በርሜሉ ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ይህ በደራሲው ታስቦ የተደረገ ነው ብለን ለመማል አንደፍርም፤ የፕራይስን ሥራዎች በሙሉ የተከታተሉ ተመልካቾች ግን ትዕይንቱን ከሌሎች ለይተው የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ፊልሙን የማይወዱት ወገኖችም ሊሰሙ ይገባል፤ ክሳቸው ቀላል አይደለም። ግድያው በዝርዝር ስለሚሄድ ታሪኩ ተደጋጋሚ ይሆናል የሚለው ክስ እውነትነት አለው፤ መካከሉ ላይ መርማሪዎቹ ፖሊሶች ከተመልካቹ ኋላ ሲጎተቱ ይታያል። የሳቁና የጭካኔው መጠን አይመጣጠንም የሚሉም አሉ፤ ማስረጃቸው ሮበርት ሞርሊ የሚጫወተው ሜሪድው ነው። ሰውዬው እንደ ልጆቹ የሚያያቸውን ሁለት ውሾቹን በምግብ መልክ ሳያውቅ ይበላል፤ በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ንግሥቲቱ የሁለት ልጆቿን ሥጋ እንደበላችው። አብረው የሚስቁ አሉ፤ ስክሪኑን ማየት የሚያቅታቸው አሉ። የዛሬ ተመልካቾች ደግሞ የሜሪድውን ሴታሴት አቀራረብና የጎዳና አዳሪዎቹን እንደ መንጋ መሣል ይነቅፋሉ። ይህ ነቀፋ በ1973 ጎልቶ ባይሰማም፣ ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ ሊናቅ አይገባም፤ ጎዳና አዳሪዎቹ በፊልሙ ስም እንኳ የላቸውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአስተያየቱ ሚዛን ወደ ኀዘን አዘነበለ፤ ሞትም በዚህ ላይ እጁን አስገብቷል። ጃክ ሆኪንስ በ1966 በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ወጥቶ ስለነበር በዚህ ፊልም የምንሰማው ድምፅ የቻርልስ ግሬይ ነው፤ ሆኪንስ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ዐረፈ። ዴኒስ ፕራይስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተከተለው። ላየንኸርት የተሸሸገበት ቴአትር ቤት በስቱዲዮ የተሠራ አልነበረም፤ በ1906 የተከፈተውና በጊዜው ተዘግቶ ይፈርስ የነበረው የፓትኒ ሂፖድሮም ነው፤ በ1975 ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። በፊልሙ የተገናኙት ቪንሰንት ፕራይስና ኮራል ብራውን በ1974 ተጋቡ፤ እሷ በፊልሙ በፀጉር መሥሪያ ወንበር ላይ በኤሌክትሪክ ተቃጥላ የምትሞተው ሐያሲ ነች። ዘግይቶ የመጣ ተመልካች ይህን ሁሉ እያወቀ ያያል። በ1973 የስፕራውትን ሚስት ሆና የምትጮኸው ጆን ሂክሰን ተራ ረዳት ተዋናይት ነበረች፤ ከ1984 በኋላ ላየ ሰው ግን የአጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል ናት።

ከዚህ በመነሣት አንዳንዶች የሙሾው ንባብ የናፍቆት ውጤት ነው፣ በፊልሙ ውስጥ አልነበረም ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ከማንኛውም ትዝታ በፊት የሚታመነው ምስክር ፊልሙ ራሱ ነው፤ እሱም ገና ከመክፈቻው ይመሰክራል። የባለሙያዎቹ ስም ሲወርድ ከበስተኋላ የሚታዩት ከድምፅ አልባው ዘመን የሼክስፒር ፊልሞች የተወሰዱ ምስሎች ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚጫወቱ፣ ጥበባቸው ያለፈባቸው ሰዎች። የማይክል ሉዊስ ሙዚቃም ለማሾፍ አልተሠራም፤ የኀዘንና የፍቅር ዜማ ነው። ዘመኑንም ማሰብ ያሻል። የራሱን ቡድን እየመራ ዋናውን ሚና የሚጫወት የተዋናይ አለቃ ወግ የመጨረሻ ታላቅ ተወካይ የነበረው ዶናልድ ዎልፊት በ1968 ሞቷል፤ ላየንኸርትን ከእሱ ጋር የሚያነጻጽሩት ብዙዎች ናቸው። በ1973 ብሔራዊ ቴአትሩ ከሎረንስ ኦሊቪየ ወደ ፒተር ሆል፣ ከታላቅ ተዋናይ ወደ አዘጋጅ ተላለፈ። የሚለቀስለት ሰው ገና በመድረኩ ላይ ቆሞ ነበርና፣ ሙሾው ከሟቾቹ በፊት ተጀምሯል።

በ2005 ይኸው ብሔራዊ ቴአትር ታሪኩን ከኢምፕሮበብል ቡድን ጋር ወደ መድረክ ሲያመጣው፣ ላየንኸርትን ጂም ብሮድቤንት፣ ልጁን ደግሞ የዲያና ሪግ ልጅ ራሼል ስተርሊንግ ተጫወቱ። ስለ ቴአትር የተሠራ ፊልም ወደ ቴአትር መመለሱ፣ ፊልሙን እንደ ቀልድ ብቻ የያዙትን ወገኖች አቋም ሳያዳክም አልቀረም። ሪግ ራሷ ከፊልሞቿ ሁሉ ይህን አስበልጣ ትቆጥር ነበር፤ ፕራይስም ከልቡ ከሚወዳቸው ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። የተዋንያን ትዝታ ግን ለሥራቸው ያደላልና፣ ከፊልሙ ምስክርነት በታች እንጂ በላይ አናስቀምጠውም።

የመጨረሻው ክርክር ላየንኸርት ጥሩ ተዋናይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ፊልሙን ሐያስያንን ለመበቀል የተሠራ አድርገው የሚያዩ ተመልካቾች መልሱ ቀላል ነው ይላሉ፤ ፕራይስ ንግግሮቹን ሲያሰማ የሐያስያኑ ሒስ በዓይናችን ፊት ይፈርሳል። በከፊል ልክ ናቸው፤ ከሽጉጥና ከመጋዝ ርቆ፣ ባዶ አዳራሽ ፊት ቆሞ የሚናገርባቸው ቅጽበቶች ሌላ ሰው ያሳዩናል። ግን በኢያን ሄንድሪ የሚጫወተውን ዴቭሊንን ረስተውታል። ላየንኸርት ዴቭሊንን አስሮ፣ በ«ንጉሥ ሊር» ግሎስተር እንደደረሰበት ዓይኖቹን ሊያጠፋ የጋለ ጩቤ አዘጋጅቶ፣ ሽልማቱን ስጠኝና ዓይንህ ይትረፍ ይለዋል። ዴቭሊን እምቢ ይላል። ሽልማቱ ይገባዋል ብሎ አላመነምና፣ ለዓይኑ ሲል ፍርዱን አይለውጥም። ለሐያሲ ጥላቻ የተሠራ ፊልም ለሐያሲ ይህን ክብር አይሰጥም። ፖሊሶች ደርሰው፣ ቴአትር ቤቱ ተቃጥሎ፣ ኤድዊና በዚያው በሽልማቱ ሐውልት ተመትታ ስትሞት፣ አባትየው ሬሳዋን ተሸክሞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሊርን የመጨረሻ ቃላት ተናግሮ ወደ እሳቱ ይወድቃል። ዴቭሊን ከታች ቆሞ የሚሰጠው ሒስም ያው ነው፤ እንደ ወትሮው አጋንኖ ተጫውቷል፣ ግን ከመድረክ መውጣትን ያውቅበታል። ይህን ቃል አንዱ ተመልካች የመጨረሻ ስድብ፣ ሌላው የዘገየ ምስጋና አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ከስድቡ ይልቅ ምስጋናው ይመዝናል እንላለን፤ ዴቭሊን በሞት ፊት እንኳ የማያምንበትን ቃል ሊናገር ያልፈቀደ ሰው ነውና፣ ማንም ሳያስገድደው የተናገረው ምስጋና በፊልሙ ካለው ምስክርነት ሁሉ የበለጠ ሊታመን ይገባዋል።