የጀልዴሳ መንገድና የሟች አደራ

ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ ዛሬ በከተማው አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር መንደር ናት። በታኅሣሥ 1895 ዓ. ም. ምድር ባቡር ድሬዳዋ እስኪገባ ድረስ ግን ከባሕር ለሚመጣ ሰው የሐረር በር እርሷ ነበረች። ከዘይላ ወደብ በግመል ተጭኖ በረሓውን ያቋረጠው ዕቃ በጀልዴሳ ይራገፍና ተራራውን ለሚወጡት በቅሎዎችና አህዮች ይተላለፍ ነበር። ከሐረር የሚወርደው ቡናና ቆዳም በተራው እዚያው ለግመል ይሰጣል።

ስለዚህ የሲራራ ነጋዴ ሀብት ብዙውን ጊዜ ያለው በቤቱ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነበር። ገንዘቡ የአንዱ፥ ግመሉ የሌላው፥ ብድሩ የሦስተኛው ሲሆን፥ ዕቃው ደግሞ በአራተኛው እጅ በአደራ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ቢሞት የሟቹ የሆነውን ካልሆነው መለየት እጅግ ያስቸግራል። ይህንንም የሚያስረዱ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች በዚያው ዘመን በአገራችን ተፈጽመዋል፤ ሁለቱም ከፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ ከአርቱር ራምቦ ጋራ የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የሆነው በሸዋ ነው። ላባቱ የተባለ በሸዋ ይኖር የነበረ ፈረንሳዊ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማምጣት ከራምቦ ጋራ ተሻርኮ ሳለ፥ ጭነቱ ገና ከታጁራ ሳይነሣ ታመመና ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። ራምቦም ጭነቱን ብቻውን እየመራ በ1879 ዓ. ም. አንኮበር ሲደርስ የተቀበለው የባልንጀራው ዕዳ ነበር። አበዳሪዎች ከየአቅጣጫው መጡ፤ የሟቹ ኢትዮጵያዊት ሚስት ድርሻዋን ጠየቀች፤ ሟቹ አለበት የተባለውም ዕዳ ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ተቀነሰ። ራምቦ በ1880 ዓ. ም. ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ እንደሚተርከው፥ በሴቲቱ ቤት የተገኙትን 34 የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች እርሷ እየረገመችው አቃጠላቸው። በኋላ ግን በገጾቹ መካከል የንብረት ማስረጃዎች ገብተው እንደ ነበረ ተነገረው።

እንግዲህ በዚህ ነገር የተጐዳው ማን ነው? ሸሪኩ ትርፉን፥ አበዳሪዎቹ እርግጠኛነትን አጡ። ከሁሉ ይልቅ የተጐዳችው ግን ሚስቲቱ ናት፤ መብቷን ሊያስረዳላት ይችል የነበረው ወረቀት ምን እንደ ሆነ ባላወቀ ሰው እጅ ዐመድ ሆኖ ቀርቷልና።

ሁለተኛው ታሪክ በጀልዴሳ በኩል ያልፋል። መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ. ም. ይኸው ራምቦ ጕልበቱን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በጀልዴሳ አልፎም ወደ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ደርሶ እግሩ ተቈረጠ፤ ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ. ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ። ከመሞቱም በፊት በሐረር ያገለግለው የነበረውን ጃሚን አስቦ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዘዘ። እኅቱ ኢዛቤልም አደራውን ጠብቃ ገንዘቡን ላከች። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚ በሕይወት ስላልነበረ ለወራሾቹ ተከፈለ።

ከሁለቱ ሟቾች አንዱ ብዙ ጽፎ ሳለ ሒሳቡ ጠፋ፤ ሁለተኛው በቃል ብቻ ተናግሮ ስጦታው ባሕር ተሻግሮ ደረሰ። ሆኖም ከዚህ ተነሥተን ቃል ከጽሑፍ ይበልጣል ማለት አይገባንም። የጃሚ ወራሾች ገንዘቡን ያገኙት እኅቲቱ ታማኝ በመሆኗ ነው። ታማኝነት ደግሞ በሁሉ ቤት አይገኝም፤ ሕግ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ ደንግጓል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ተቀባይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ደግሞ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ሊነገርበት፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ ሊኖርበት ይገባል። የቃል ኑዛዜ ለሁለት ምስክሮች የሚነገር ሲሆን፥ በእርሱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየም ቃሉ ይፈርሳል።

በጀልዴሳ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ የቃዲው ፍርድ ቤትም በውርስ ነገር የቈየ ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን በ1936 ዓ. ም. በአዋጅ ታውቋል። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትና የ1992 ዓ. ም. አዋጅ ደግሞ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲመርጡት እንዲሠራ አድርገዋል። ሁለቱ ሕጎች በድርሻ ይለያያሉ፤ በፍትሐ ብሔሩ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ሲካፈሉ፥ በሸሪዓው ወንዱ የሴቷን እጥፍ ያገኛል፤ ለሌላ በኑዛዜ የሚሰጠውም ከሲሶ አያልፍም። ስለዚህ የሴት ልጅ ወይም የባልቴት ፈቃድ በእውነት የተሰጠ መሆኑን መጠየቅ የዳኛም የሽማግሌም ግዴታ ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ይስማማሉ። የቀብሩ ወጪና የሟቹ ዕዳ ሳይከፈል ስጦታም ሆነ ክፍፍል አይፈጸምም። የጀልዴሳ ነጋዴ በአደራ የያዘውን ዕቃ ከራሱ ዕቃ እንዲለይ ያስገድደው የነበረውም ይኸው ሐሳብ ነው፤ የሌላውን ገንዘብ ማውረስ አይቻልምና።

አንባቢ ሆይ፥ የሚወረስ ርስት የለኝም ብለህ ይህን ነገር ቸል አትበል። ቤት ያለውም የሌለውም ሰው ማን እንዳበደረው፥ ለማን እንዳበደረ፥ ከንብረቱ የትኛው የጋራ፥ የትኛው የግል እንደ ሆነ ያውቃል። ይህን እርሱ ብቻ ካወቀው እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። የላባቱ ሚስት ያጣችው ብዙ ገጽ የሞላ ትዝታን አልነበረም፤ ይህ የእርሷ ነው የሚል በምስክር ፊት የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃት ነበር። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለመጻፍም የሕመም ቀን ሳይሆን የጤና ቀን ይመረጣል።