የነዳጅ ረብ

ፈረንጆች «ኢፊሸንሲ» የሚሉትን ቃል መጻሕፍታችን አንዳንዴ «ቅልጥፍና»፣ አንዳንዴም «ብቃት» እያሉ ይተረጕሙታል። ስለ ሠራተኛ ትጋትና ስለ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሲነገር ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገሩ ወደ ምድጃና ወደ ነዳጅ በመጣ ጊዜ ግን «ቅልጥፍና» አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ምክንያቱም ውኃን ቶሎ የሚያፈላ ምድጃ ቀልጣፋ መባሉ የማይቀር ሲሆን፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ቶሎ የሚያፈላው ምድጃ ብዙውን ጊዜ ነዳጁን አብዝቶ የሚያባክነው እርሱው ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ «የነዳጅ ረብ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ረብ ከግእዙ ግስ ከ«ረብሐ» የወጣ፣ ትርፍና ጥቅም ማለት ነው፤ «የረባ ነገር»፣ «ምን ይረባል» እያልን ዕለት ዕለት የምንናገርበት ስለ ሆነ ለጆሮም እንግዳ አይደለም። የነዳጅ ረብ የምንለው እንግዲህ ነዳጁ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ውኃው የገባው ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ቃል ከቤይሩት ሆኖ ማብራራት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ በመውደቁ፣ የመንግሥቱም የኤሌክትሪክ ኃይል በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ዘመን በመድረሱ፣ ቀድሞ ማንም የማያስበው የጋዝ ግራም ዛሬ በእያንዳንዱ ማድ ቤት የሚታሰብ ሆኗል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን፣ የሰንበት ዕረፍት የተፈቀደላቸው እንደ ሆነ፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሰፈር በኅብረት በተከራዩት ክፍል ወይም በባሕሩ ዳር ተሰብስበው ቡና ሲያፈሉ፣ ከሰል በማይፈቀድበት፣ መብራትም በሌለበት ስፍራ ረዳታቸው ትንሹ ባለ ጣሳ ምድጃ ነው። «ካኒስተር» የሚባለውን ዕቃ ጣሳ ማለታችን ቅርጹንም አገልግሎቱንም ስለሚገልጽ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ ለሚወጡ ተጓዦች ነበር፤ በጣሳው አናት ላይ የምትጠመዘዘው የእሳት ራስ ብቻዋን ከ100 ግራም በታች የምትመዝን አለች፤ ጣሳውም በተለመደው መጠኑ 230 ግራም ያህል ጋዝ ይይዛል። ለተጓዡ ክብደት ማለት ድካም ነው፤ ለእኅታችን ግን ያው ግራም ከደመወዝዋ የሚቀነስ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የነዳጅ ረብን ማወቅ ከተራራ ወጪው ይልቅ ለእርስዋ የበለጠ ይገባል እላለሁ።

ልኩን በቍጥር እንየው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል፤ አንድ ግራም ቡቴን ሲቃጠል ወደ 46 ኪሎ ጁል ይሰጣል። እንግዲያስ አንዳች ሳይባክን ቢቀር 7.3 ግራም በበቃ ነበር። ነፋስ በሌለበት፣ ክዳን ባለው ድስት፣ በመጠነኛ እሳት ግን በእውነተኛው ዓለም ከ12 እስከ 15 ግራም ይፈጃል፤ ይኸውም ረቡ ከመቶ 50 እስከ 60 ነው ማለት ነው። ከሥሩ እንደ ክንፍ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች ያሉት ድስት ትኵሱን አየር አዘግይቶ ስለሚይዘው ወጪውን ወደ 10 ግራም ግድም ሊያወርደው ይችላል። በአገራችን «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ የተሠሩት በዚሁ ነዳጅ የመቆጠብ አሳብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ጥበቡ ከስያሜው በፊት በእኛ ዘንድ ነበረ።

ሙቀቱ የሚጠፋበትን መንገድ ለማየት ጀበና በባለ ጣሳ ምድጃ ላይ ሲጣድ መመልከት ይበቃል። የጀበናው ሥር ክብና ጠባብ ነው፤ ምድጃው ደግሞ ነበልባሉን ወደ ጐን ይረጨዋል፤ ስለዚህ እሳቱ ሲከፈት ሰማያዊው ነበልባል ሆዱን ዙሪያውን እየላሰ ወደ አንገቱ ይወጣል፤ እጀታው ሳይቀር ይግላል፤ ውኃው ግን ገና ዝም እንዳለ ነው። ሸክላው ራሱ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም እጅግ በዘገየ መጠን ነውና እሳቱን ማብዛት ሥራውን እምብዛም አያፋጥነውም፤ የሚበዛው ብክነቱ ነው። ነበልባሉ ከጀበናው ሥር እንዳያልፍ ዝቅ አድርጎ መተው፣ ወይም ውኃውን አስቀድሞ ሰፊ ሥር ባለው ድስት አሙቆ ወደ ጀበናው መገልበጥ የብዙ ግራም ትርፍ አለው። በቤይሩት ባሕር ዳር፣ በራምለት አል በይዳ አሸዋ ላይ ከሆነ ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ይታከልበታል፤ ጥቂት ነፋስ ብቻውን ወጪውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሌላው ጠላት ብርድ ነው። በጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ታምቆ ፈሳሽ የሆነ ነው፤ ግዙፉ ፈሳሽ ወደ ረቂቁ ትነት ለመለወጥ ሙቀት ይሻል፤ ያንንም የሚወስደው ከራሱና ከጣሳው ስለ ሆነ፣ ምድጃው ሲነድ ቈይቶ ጣሳውን ቢዳስሱት ቀዝቅዞ፣ ጤዛም አውጥቶ ይገኛል። ተራው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ጥቂት ሲል መትነኑን ያቆማል፤ አይሶቡቴን እስከ 12፣ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይጸናሉ። የተራራ ጣሳ ሦስቱን ወይም ሁለቱን አደባልቆ የሚይዘው ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ የጣሳው መጨረሻ በብርድ ይደክማል። ይህ ለቤይሩት ክረምት አያሰጋም። ከከተማይቱ በላይ 2,628 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታየው በሳኒን ተራራ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በረዶ አቅልጦ ውኃ የሚያገኝ ተጓዥ አንድ ኪሎ በረዶን ለማቅለጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ይከፍላል፤ ይህም አንድ ሊትር ውኃን በቤይሩት ከማፍላት ጋር ትክክል ነው። ውኃው በዚያ ከፍታ፣ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ፣ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ መፍላቱ የሚያስተርፈው እዚህ ላይ ከቍጥር አይገባም።

ረብን መፈለግ ግን ነፍስን አያስከፍል። ነፋስን ለመከለል ብሎ ጣሳውን ጭምር ዙሪያውን በቆርቆሮ መዝጋት ጣሳውን አግሎ ያፈነዳዋል፤ ከለላው በነፋሱ በኩል ብቻ፣ ከጣሳው ርቆ ይቁም። መስኮት በተዘጋበት ክፍል ማንደድ ሽታም መልክም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያከማቻል፤ ስንት እንቅልፍ በዚህ ሞት ሆኖ ቀርቷል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ ጣሳ ጋዝ መገልበጥም እንዲሁ ነው፤ ከልኩ በላይ የተሞላ ጣሳ ለትነት ቦታ አይኖረውምና ሲሞቅ ይፈነዳል።

የራስን ምድጃ ረብ ለማወቅ የማድ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጣሳው ውኃው ሳይጣድ ይመዘናል፤ አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ ፈልቶ ከወረደ በኋላም እንደ ገና ይመዘናል፤ 7.3 ለጐደለው ግራም ይካፈላል፤ የተገኘውም በመቶ ይባዛል። ጣሳው በ20 ግራም ቀልሎ ቢገኝ ረቡ ከመቶ 36 ግድም ነው፤ ክዳን ተደርጎ፣ እሳቱም ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ጊዜ 14 ግራም ቢጐድል ከመቶ 52 ደርሷል፤ በመጀመሪያው አያያዝ 11 ሊትር ያፈላ የነበረው የ230 ግራም ጣሳ አሁን 16 ሊትር ያፈላል።