ለሌለ ሰው የሚቀዳ፦ ከባሮ መለኪያ ዘንግ እስከ ቪዲዮ መቅጃ

የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤቱን ቆልፎ የሚሄድ ሰው አደራ የሚለው ብዙ ነገር አለው። ውሻውን ለጎረቤት፣ ቁልፉን ለዘመድ፣ ግቢውን ለዘበኛ ሰጥቶ ይወጣል። በእኛ ዘመን ደግሞ ለሰው ሳይሆን ለዕቃ የሚሰጥ አንድ አደራ ተጨምሯል። ባለቤቱ በሌለበት የሚተላለፈውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀድቶ እንዲያቆይ የሚታዘዘው መቅጃ ነው። ነገሩ የዘመኑ ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ጋምቤላ በሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ክረምት ሲገባ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላውም ወደየደጋው ሲበተን እያየሁ፣ አደራው ከዕቃው የቆየ መሆኑን አስተውያለሁ። ባሮ ዳር ለሌለ ሰው መመዝገብ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እስቲ ከወንዙ እንጀምር።

የወንዙ መዝገብ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አካባቢ አንድ ቁራሽ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቦታው ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የተወለደው በዚህ ነው። የዚህን ንግድ ታሪክ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በሰፊው አጥንተውታል። ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይመጣል። የእንፋሎት መርከቦቹ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመላለሱም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ ነው። በጋ ሲሆን ወንዙ ይሳሳል፣ መርከቡም ይቀራል። ስለዚህ የጋምቤላ ሥራ ገና ከመነሻው የመምጣትና የመሄድ ሥራ ነበር። የሚሄደው ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ ይፈልጋል።

ከዚያው ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የባሮ ከፍታ ጋምቤላ ላይ ይመዘገብ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። በወንዙ ዳር ሜትርና ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ዘንግ ይተከላል። አንድ ሰው በተወሰነ ሰዓት ወርዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር ያነባል፣ በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ለማን? እዚያ ለሌሉ ሰዎች። ለካርቱምና ለካይሮ መሐንዲሶች ነው። ባሮና ፒቦር ተገናኝተው ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባት ደግሞ ማላካል ላይ ለሚያልፈው ነጭ ዓባይ ግማሽ ያህሉን ውኃ ይሰጣል። ካይሮ ያለው ሰው የመስኖውን ነገር አስቀድሞ ለማሰብ፣ ያላየውን ወንዝ በሌላ ሰው ዓይን ማየት ነበረበት። ግብፆች ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበሩም። ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ የሚገኘው የዓባይ መለኪያ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው።

የዘንጉን ሥራ ልብ ብለን ካየነው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። አንዱ ቀን ጠዋት ሌላው ቀን ማታ የተነበበ ቁጥር እርስ በርሱ አይነጻጸርም። ሁለተኛው ማኅደሩ ነው፤ ቁጥሩ የሚሰፍርበት መዝገብና መዝገቡ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ። ሦስተኛው ተተኪው ነው። አንባቢው ቢታመም ወይም ፈቃድ ቢወጣ፣ የሚተካው ሰው ከሌለ የዚያ ቀን መስመር ባዶ ይቀራል። ወንዙ ደግሞ ተመልሶ አይፈስም። ዛሬ ቴሌቪዥን መቅጃውን አዝዞ የሚሄድ ሰው የሚያስበው እነዚሁኑ ሦስት ነገሮች ነው።

ሰዓትን ማሻገር

ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ውል ፈረሰ፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አምፔክስ የተባለው ኩባንያ የቴሌቪዥን ምስል በመግነጢስ ጥብጣብ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ለሕዝብ አሳየ። ኅዳር 30 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ ከኒውዮርክ የተላለፈውን የምሽት ዜና ሆሊውድ ላይ ቀድቶ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለምዕራቡ ጠረፍ ተመልካች አሳለፈ። ምክንያቱ የፀሐይ ነገር ነው። ኒውዮርክ ሲመሽ ካሊፎርኒያ ገና ቀን ነው። መቅጃው የተፈለገው እንግዲህ ትዝታን ለማኖር አልነበረም። በአንድ ሰዓት የተነገረውን በሌላ ሰዓት ላለ ሰው ለማድረስ ነበር።

ይህ ችሎታ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 ካወጡ በኋላ ነው። የፊልም ኩባንያዎች «ንብረታችን ተዘረፈ» ብለው ከሰሱ። ጥር 17 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሰው የተላለፈለትን ዝግጅት በሚመቸው ሰዓት ለማየት ቤቱ ውስጥ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ሲል ፈረደ። በሌሉበት ማስቀዳት በሕግ መብት የሆነው በአንድ ዳኛ ብልጫ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አይርቅም ነበር። ዴክ በየከተማው ሲገባ እንኳ ዋነኛ ሥራው ከቴሌቪዥን መቅዳት አልነበረም። ተከራይቶ የመጣ ካሴት ማሳየት ነበር። ብዙ ሰው ዴክን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ የህንድ ፊልም ሲያይ ነው፤ «ሪከርድ» የሚለውን ቁልፍ ደፍሮ የሚነካው ጥቂት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት መሣሪያዎች በጥብጣብ ፈንታ በሃርድ ዲስክ መቅዳት ሲጀምሩ ዲጂታል መቅጃ የሚባለው መጣ። የመጀመሪያው ቲቮ 14 ወይም 30 ሰዓት ይይዝ ነበር። በእኛ አገር ይኸው ነገር የገባው በሌላ በር፣ በሳተላይት ሪሲቨር በኩል ነው። ከሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ጎን ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ከዲሽ በታች የተቀመጠችው ትንሽ ሣጥን፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው፣ መቅጃ ናት።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ቀን

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መቅጃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓት ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የማታው ዜና የሚተላለፈው ምሽት 2 ሰዓት ነው። ሣጥኗ ላይ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው መቅጃውን የሚቀሰቅሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሆናል። መጻፍ ያለበት 20:00 ነው። ለቀኑ 6 ይደመራል፤ ለምሽቱ 18። ሪሲቨሩ ሰዓቱን ከሳተላይቱ ስለሚወስድ መብራት ጠፍቶ ቢመጣም ራሱን ያስተካክላል፤ ከግሪንዊች ያለው ልዩነት ግን በ3 ሰዓት መሞላት አለበት። ጋምቤላ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድንበሩን ተሻግራ ያለችው ደቡብ ሱዳን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልዩነቷ 2 ነው። ለዚያ የተስተካከለ ሪሲቨር ገዝቶ የመጣ ሰው በሰዓቱ የተላለፈውን ሁሉ በ1 ሰዓት ያመልጠዋል። ፀሐይም ብትሆን ጋምቤላ ላይ የምትወጣው ከአዲስ አበባ ወደ 16 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ሰዓቱን ግን ሁላችንም የምንቆጥረው በአንድ ነው።

ቀጥሎ ቀኑ አለ። ክረምት ፈቃድ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመኘው የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዝግጅት እንዲቀዳለት ነው። ጳጉሜን ግን በሣጥኗ ውስጥ የለችም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ወደ 12 ይሸጋገራል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ሌላም ወጥመድ አለ። በእኛ አነጋገር ሌሊት 7 ሰዓት ያው የዋዜማው ሌሊት ነው። ለመቅጃው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ሌላ ቀን ነው፤ እኩለ ሌሊትን የሚያልፍ ዝግጅት ማቆሚያው በማግስቱ ቀን መሞላት አለበት።

የማኅደሩ ልክ

ሁለተኛው ጥያቄ ቦታ ነው። ለምሳሌ አንድ ጣቢያ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ቢሆን አንዱ ሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። 32 ጊጋባይት ያለው ፍላሽ እንግዲህ ከ17 ሰዓት ብዙም አያልፍም። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዜና በየቀኑ እንዲቀዳለት አዝዞ ለ30 ቀን የወጣ ሰው ፍላሹ በ18ኛው ቀን ይሞላበታል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ መሆን አይችልም፤ ረጅሙ የበዓል ዝግጅት በሁለት ይከፈላል ወይም ከመሀል ይቆረጣል።

ይህ ጥያቄ የዓባይን መዝገብ ሲያጠና የኖረውን ሐርስት የተባለ እንግሊዛዊንም አስጨንቆት ነበር። ካይሮ ተቀምጦ የሮዳን የብዙ መቶ ዓመታት ቁጥር መረመረ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የጠየቀውም፣ ዓመቱ ቢጠግብም ቢራብም እንዳይፈስና እንዳይጎድል የውኃ ማከማቻ ምን ያህል መሆን አለበት የሚል ነበር። ያገኘው መልስ፣ የጥጋብ ዓመታት ከጥጋብ፣ የድርቅ ዓመታት ከድርቅ ጋር ተከታትለው የመምጣት ጠባይ ስላላቸው፣ ማከማቻው ከሚገመተው ይልቅ ሰፊ መሆን አለበት የሚል ነው። የቴሌቪዥንም ነገር ከዚህ አይርቅም። ደህና ዝግጅት የሚመጣው ተከታትሎ፣ በበዓል ሰሞን ነው።

መብራትና ሙቀት የማኅደሩ ባላንጣዎች ናቸው። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለችው ጋምቤላ በመጋቢት ቀኑ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ዙሪያው በተዘጋ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ዲስክ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ጠንቃቃ ሰው ሣጥኗን ከግድግዳ አርቆ፣ ዳንቴሉን ከላይዋ አንሥቶ፣ በስታቢላይዘር በኩል ሰክቶ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ግን ተተኪ ያስቀምጣል። አንድ ጎረቤቴ መምህር ፈቃድ ሲወጣ ቁልፉን ለእኔ ትቶልኝ፣ «መብራት ሄዶ ከመጣ ቀይዋን መብራት እያት፣ ካልበራች ቀስቅሳት» የሚል ወረቀት ሪሲቨሩ ላይ ለጥፎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ በስልክ ከሩቅ የሚታዘዙ መቅጃዎች አሉ። መብራቱ ሲጠፋ ግን ስልኩም ከቀይዋ መብራት የተሻለ ነገር አይነግረንም።

ያልታዘዘው

እስካሁን ያልኩት የሚታዘዘውን ነው። ትልቁ ነገር ግን ሳይታዘዝ የሚያልፈው ነው። መቅጃ የሚይዘው አስቀድመን የጠረጠርነውን ብቻ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ቀትር ላይ ሬዲዮው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸውን ሲናገር ማንም በፕሮግራም ላይ አላየውም፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። የባሮም መዝገብ እንዲሁ ነው። የካይሮ ሰው ያዘዘው የውኃውን ከፍታ ነበር፤ ዘንጉም ያንን በታማኝነት ያዘ። በዚያው ቀን በዚያው ዳርቻ ታንኳ የቀዘፈው አኝዋ፣ ከብት ያጠጣው ኑዌር ምን እንዳለ ግን በቁጥሮቹ ዓምድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ሌላው ስጋት መደምሰስ ነው። ዲስኩ ሲሞላ አንዳንዱ መቅጃ መቅዳት ያቆማል፤ ሌላው ደግሞ ያልተቆለፈውን አሮጌ አጥፍቶ በላዩ ይቀዳል። ይህ የድሃ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ቢቢሲ ጥብጣብ ለመቆጠብ ሲል ከቀደሙት ድራማዎቹ ብዙዎቹን ደምስሷል። የአሜሪካው ናሳም በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳመነው፣ ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃን ሲረግጥ የተቀዳው የመጀመሪያው ጥብጣብ ተደምስሶ ለሌላ ሥራ ሳይውል አልቀረም።

ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ለ10ኛ ጊዜ በጋምቤላ ሲከበር፣ ከተማዋ በቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ታየች። በዚያ ቀን ስርጭቱን ያላየው ማን እንደሆነ ሳስብ ይገርመኛል፤ ሜዳው ላይ ሲጨፍርና ሲያስተናግድ የዋለው የጋምቤላ ሰው ነው። ራሱ የነበረበትን ነገር ለማየት ቤቱ መገኘት ነበረበት፤ እሱ ግን በነገሩ ውስጥ ነበር። ለዚህ ሰው መቅጃ የዕረፍት ጊዜ መጫወቻ አይደለም። ልጆቹ ወደፊት «ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?» ሲሉት የሚያሳያቸው ነው።

ስለዚህ ፈቃድ የሚወጣው ወዳጄ ሰዓቱን በ24 ከሞላ፣ ቀኑን ከመረመረ፣ ፍላሹን ካሰፋ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል። የማይጠፋውን መርጦ ይቆልፈው። ሲመለስም ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጦ፣ ቀኑንና የተቀዳበትን ቦታ፣ ዝግጅቱ በአኝዋኛ ወይም በኑዌርኛ ከሆነም ቋንቋውን ጽፎ ከሁለት ቤት ያኑረው፤ አንዱን እዚያው ባሮ ዳር፣ ሌላውን ደጋ።