ከሰሉ የት ገባ?

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ አብረን ያለፍን ሁሉ «ቁስ አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ለፈተና ሸምድደነዋል። ታሪኩን ግን ብዙም አልሰማንም። ለዚህ መጽሔት ጻፍ ስባል እሱን መረጥኩ፤ የአዲስ ከተማ ልጅ ስለሆንኩም ነገሩን በመርካቶ በኩል አየዋለሁ።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር የተቆረቆረ ነው። ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቁ የለ? ቁራሌው የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ አሮጌ በርሜል፣ ያለቀ ጎማ፣ ሁሉም እዚያ ሌላ ነገር ይሆናል። ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ። እዚያ ተጣለ የሚባል ዕቃ የለም፤ ሁሉም ባለቤቱን ይለውጣል እንጂ።

አውሮፓ ግን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲነድ «ፍሎጂስተን» የሚባል ነገር ይወጣል ብላ ታምን ነበር። ታዲያ ብረት ሲቃጠል ለምን ክብደቱ ይጨምራል? ፈረንሳዊው አንቷን ላቭዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1774 ቆርቆሮን በታሸገ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አግሎ መዘነ። ከነዕቃው ክብደቱ ፈጽሞ አልተለወጠም። ሲከፍተው አየር ሽው ብሎ ገባ፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ጨመረ፣ የጨመረውም ብረቱ ከዕቃው አየር የወሰደውን ያህል ነበር። ሰውየው ግብር ሰብሳቢም ነበር (መርካቶ ቢኖር ማን ይወደው ነበር?)፤ ገቢና ወጪን የማስተካከል ልማዱን ወደ ሚዛኑ ያመጣው ይመስለኛል። ሕጉን በ1789 መጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ጻፈ። በ1794 በአብዮቱ አንገቱ ተቀላ፤ ያስገደለው ያው ግብር ሰብሳቢነቱ ነው።

በዚህ ዓይን የዛገውን ብረት እዩት። 112 ኪሎ ብረት ሙሉ በሙሉ ቢዝግ፣ እርጥበቱን ሳንቆጥር፣ 160 ኪሎ ዝገት ይሆናል። 48ቱ ኪሎ ከአየር የመጣ ኦክስጅን ነው።

ከሰል ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ የሂሳብ ብቻ አይደለም። ማታ የተቀጣጠለ ምድጃ ጠዋት እፍኝ አመድ ይዞ ይገኛል። «አለቀ» እንላለን። የት አለቀ? ካርቦኑ በሙሉ ቤቱ ውስጥ ነው። አየር በበቂ ሁኔታ ከገባ 12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ካነሰው ደግሞ 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ብዙ ሰው ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ያቆየውና ፍሙ ሲቀላ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል፤ የሚፈራው የሚታየውን ጭስ ነዋ! ጋዙ ግን ከዚያ በኋላም ይወጣል። በየክረምቱ በከሰል ታፍነው የሚሞቱ ቤተሰቦችን ወሬ የማንሰማበት ዓመት የለም።

የምናለሽ ተራ ቀጥቃጮች ምድጃው ከታች የአየር ቀዳዳ ከሌለው ከሰሉ እንደማይነድ በልምድ ያውቁታል። ከሰል ቆጣቢው «ላቀች» ምድጃም ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። መስኮቱን ክፍት ማድረግ፣ ፍሙንም ከመኝታ በፊት ማውጣት ያስፈልጋል። ከእኛ መሐል መምህራን የሆናችሁ ሕጉን ስታስተምሩ ይህንን ምድጃ በምሳሌነት ብትወስዱት ደስ ይለኛል።