ከኢብኑል ሀይሰም ቱቦ እስከ መርካቶ ካርቶን



ከአንዋር መስጊድ ወጥታችሁ በጨርቅ ሱቆቹ በኩል ስታልፉ፣ ጣቃው የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ጨርቁ ሲያልቅ ይጣላል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን የዚህን ቱቦ ዘመዶች ታሪክ ነው።

በ354 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 965) በስራ የተወለደውና ካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሰም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው አንድ ቀላል ሙከራ ያስተምራል። ቀጥ ያለ ቱቦ ከማስመሪያ ጋር ታስሮ በውስጡ ይታያል። የቱቦው አፍ በከፊል ሲሸፈን፣ ከፊት ያለው ነገር በዚያው ልክ ይሰወራል። በዚህም ዓይን የሚያየው በቀጥታ መስመር መሆኑን አሳየ። ቱቦው ሌንስ አልነበረውም፤ ቴሌስኮፕ የመጣው 600 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1609 ቴሌስኮፕ መሥራት ጀመረ። ፍሎረንስ ሙዚየም ውስጥ ካሉት ቴሌስኮፖቹ የአንዱ ቱቦ ከተጣበቁ ቀጫጭን እንጨቶች ተሠርቶ በቆዳ የተለበጠ ነው። በቀላል መሣሪያ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አየ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ትልቅ ፈለጉ። ሄቬሊዩስ ዳንዚግ ላይ 45 ሜትር የሚረዝም ሠራ፤ ነፋስ ያወዛውዘው ነበር። ሄርሼል እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1789 12 ሜትር የብረት ቱቦ አቆመ፤ አያያዙ ስላስቸገረው አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በትንሹ ነበር። የከበደ መሣሪያ ሰማይን ያርቃል።

መፍትሔው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ገንዘብ ካልነበረው መነኩሴ መጣ። ጆን ዶብሰን ከተጣለ የመርከብ መስኮት መስታወት ሞረደ፣ የኮንክሪት ምሰሶ የሚሞላበትን ወፍራም የካርቶን ቱቦ ወሰደ፣ ከኮምፖንሳቶ ማቆሚያ ሠራ። መንገድ ዳር አቁሞም አላፊ አግዳሚውን ሳተርንን በነጻ አሳየ። ዛሬ በመላው ዓለም ብዙ ሰው በቤቱ የሚሠራው የእሱን ዓይነት ነው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ወረቀት ብቻውን ይታጠፋል፣ ሙጫ ብቻውን ይሰበራል። ተደራርበው ክብ ሲሆኑ ግን ቀላልም ጠንካራም ይሆናሉ። ዛሬ በወረቀቱ ፋንታ የፋይበርግላስ ወይም የካርቦን ጨርቅ፣ በሙጫው ፋንታ ኢፖክሲ ይገባል። ካርቦን በሌሊት ብርድ እምብዛም ስለማይኮማተር ምስሉ ከቦታው አይንሸራተትም።

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ሰማይን ለማየት የግድ እንጦጦ መውጣት የለብንም። እርግጥ ነው፣ መስታወትና ሌንስ ዋጋ አላቸው። ቱቦው ግን ከደጃችን ይጣላል። ውስጡን ደብዛዛ ጥቁር ቀቡት፤ ውጪውን እርጥበት እንዳይገባው ቫርኒሽ አድርጉት። ፀሐይን ግን ፈጽሞ እንዳታዩበት፣ ዓይን ያጠፋል!

«ዕቃው የለንም» ከማለታችን በፊት፣ የምንጥለውን አንዴ እንየው።