የነፍስ አድን ሠራተኞች የአካል ብቃት ፈተና፦ ታሪኩና ለምዘና ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ማንኛውም ፈተና ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚለካው ለሥራው የሚያስፈልገውን ነው ወይስ ለመለካት የሚቀለውን የሚል ነው። በመደበኛው ትምህርት ይህ ጥያቄ ምላሽ ሳያገኝ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ተገቢ ያልሆነ ፈተና የሚያስከትለው ጉዳት ቶሎ ጎልቶ አይታይምና። በውኃ የሚሰጥመውን ሰው ለማዳን በተቋቋመው ሙያ ግን የፈተናው ጉድለት በደቂቃዎች ውስጥ በሰው ሕይወት ይገለጻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነፍስ አድን ሠራተኞች የአካል ብቃት ፈተና ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ መግለጽና፣ ታሪኩ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ከበጎ ፈቃድ ወደ ፈተና

የሰጠመን ሰው ማዳን በማኅበር ደረጃ መሠራት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 በአምስተርዳም፣ በ1774 ደግሞ በለንደን ለዚሁ ተግባር የቆሙ ማኅበራት ተመሠረቱ። የእነዚህ ማኅበራት ዋና ትኩረት ከውኃ የወጣውን ሰው ትንፋሽ መመለስ ላይ እንጂ፣ ወደ ውኃው የሚገባውን አዳኝ ብቃት መመዘን ላይ አልነበረም። አዳኙን ማሠልጠንና መፈተን ዓላማው ያደረገው ማኅበር በዊልያም ሄንሪ መሪነት በለንደን የተቋቋመው ቆይቶ በ1891 ነው።

ፈተና ከሥራው ቦታ ጠባይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግልጽ ምሳሌ የምናገኘው ከአውስትራሊያ ነው። በሲድኒ አካባቢ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በቀን ብርሃን በባሕር መታጠብ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ሲነሣ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ ጎረፈ፤ ከመካከሉ ግን ዋና የማያውቀው ብዙ ነበር። ስለሆነም በ1907 በቦንዳይና በሌሎችም ዳርቻዎች የበጎ ፈቃደኞች ክበቦች ተደራጁ፤ በዚያው ዓመትም የጋራ ማኅበር መሠረቱ። ለረጋ ውኃ የተዘጋጀው ሥልት ለሚናወጥ ውቅያኖስ አይበቃም በሚል አስተሳሰብ፣ ማኅበሩ በ1910 የራሱን የነሐስ ሜዳይ ፈተና አወጣ። በወቅቱ በነበረው የማዳን ሥልት አንዱ አባል ገመድ የታሰረበት ቀበቶ ታጥቆ ወደ ተጎጂው ይዋኛል፤ ጓደኞቹ ደግሞ በዳርቻው ቆመው ገመዱን ከመዘውሩ ይለቃሉ፤ ተጎጂው ሲያዝ ሁለቱንም ወደ ዳር ይስባሉ። ፈተናው ይህን የቡድን ተግባርና ትንፋሽ የመመለስን ዘዴ ያካተተ ስለ ነበር፣ ይዘቱ በቀጥታ ከሥራው የተቀዳ ነበር ማለት ይቻላል።

ከፈተናው በላይ የሆነ ቀን

ይሁን እንጂ ከሥራው የተቀዳ ፈተናም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938 በቦንዳይ በተከታታይ የመጡ ታላላቅ ማዕበሎች በአሸዋ ደለል ላይ ቆመው የነበሩ በርካታ ሰዎችን ጠርገው ወደ ጥልቁ ወሰዱ። በአጋጣሚ ብዙ የክበቡ አባላት በዳርቻው ተገኝተው ስለ ነበር ከ200 በላይ ሰዎች ከውኃው ወጡ፤ አምስት ሰዎች ግን ሞቱ። በዚያን ቀን የተደናገጡ ሰዎች በገመዶቹ ላይ እየተንጠለጠሉ የማዳኑን ሥራ አውከውት ነበር። የመዘውሩና የቀበቶው ልምምድ በአመዛኙ አንድን ተጎጂ ለማውጣት የታሰበ ነው፤ ባሕሩ ያመጣው ግን ሕዝብ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ልምምዱን አሳምሮ መፈጸም ከችሎታው አንድ ክፍል ብቻ መሆኑን ነው።

የሰዓት መለኪያ

ከጊዜ በኋላ መዘውሩ በማዳኛ ሰሌዳና በሞተር በሚነዳ የጎማ ጀልባ ሲተካ፣ ፈተናውም ወደ ርቀትና ወደ ሰዓት አዘነበለ። ዛሬ የአውስትራሊያው ሜዳይ እጩ 400 ሜትር በ9 ደቂቃ ውስጥ እንዲዋኝ፣ በተጨማሪም 200 ሜትር ሮጦ፣ 200 ሜትር ዋኝቶ፣ እንደገና 200 ሜትር ሮጦ ሁሉንም በ8 ደቂቃ እንዲጨርስ ይጠይቃል። በዩናይትድ ስቴትስ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኞች ማኅበር መመዘኛ 500 ሜትር በ10 ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ደግሞ እጩው ከገንዳ ወለል 4.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ጡብ አውጥቶ፣ ሙሉውን ተግባር በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ውስጥ እንዲፈጽም ያዝዛል።

የእነዚህ ቁጥሮች ጥቅም ግልጽ ነው፤ ማንም ፈታኝ ቢሆን ውጤቱ አይለዋወጥም። ነገር ግን ውጤት አለመለዋወጡ የፈተናውን አስተማማኝነት እንጂ ተገቢነቱን አያረጋግጥም።

ሥራውን የመመርመር ዘመን

የቁጥሮቹን ተገቢነት በጥናት ለመፈተሽ ሰፊ ጥረት የተደረገው በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። የብሪታንያ ተመራማሪዎች የነፍስ አድን ሠራተኛው በእርግጥ የሚፈጽማቸውን ተግባራት፣ ማለትም መሮጥን፣ መዋኘትን፣ ሰሌዳ መቅዘፍንና ተጎጂውን መጎተትን እየለኩ፣ የአካል ብቃት መመዘኛውን ከሥራው ለማውጣት ሞከሩ። በ2008 የወጣ ጥናታቸው በማዕበል ውስጥ ለመዋኘት ልምድ ያለውን ድርሻ ሲመረምር፣ የገንዳ ፍጥነት ብቻውን በሚናወጥ ባሕር ውስጥ የሚታየውን ችሎታ እንደማይተነብይ አመለከተ። የስፔን ተመራማሪዎች ደግሞ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ጎትቶ ከውኃ ያወጣ ሠራተኛ ከድካሙ የተነሣ የሚሰጠው የልብና የትንፋሽ እርዳታ ጥራት እንደሚቀንስ አሳዩ። እንግዲህ ዋናውን ለብቻው፣ የመጀመሪያ እርዳታውንም ለብቻው መፈተን፣ በሥራው ላይ ተያይዘው የሚመጡትን መነጣጠል ነው።

ከጉልበት አስቀድሞ የሚመጣ ችሎታም አለ። ፍራንክ ፒያ በኒውዮርክ ኦርቻርድ ቢች በፊልም ያስቀረጻቸውን እውነተኛ አጋጣሚዎች መርምሮ በ1970ዎቹ እንዳስረዳው፣ የሚሰጥም ሰው እንደሚታሰበው አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ በውኃው ገጽ ላይ በዝምታ ታግሎ ይሰምጣል። አደጋውን ያላየ ሠራተኛ ምንም ያህል ፈጣን ዋናተኛ ቢሆን ዘግይቶ ይደርሳል።

መለኪያ ሳይኖር የተዘጋ በር

ታሪኩ ሌላም ነገር ያስተምራል። በአውስትራሊያ ሴቶች ለሥራው የሚበቃ ጉልበት የላቸውም በሚል እስከ 1980 ድረስ የነሐስ ሜዳዩን ፈተና ወስደው ሙሉ የጥበቃ አባል እንዲሆኑ አይፈቀድላቸውም ነበር። ምክንያቱ የአካል ብቃት ቢባልም፣ ብቃታቸው ሳይፈተን በጾታቸው ብቻ ተከለከሉ። በሩ ሲከፈት ባሕሩን መጠበቅ የሚችለው የሰው ኃይል ጨመረ። ከሥራው የወጣ መለኪያ ለሁሉም እኩል ከዋለ የማይችለውን ይለያል፤ የሚችለውን ግን አይከለክልም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ፈተና ከመዘጋጀቱ በፊት ሥራው ራሱ በዝርዝር መጠናት አለበት። ሁለተኛ፣ ማለፊያ ቁጥር ለምን እንደ ተወሰነ ምክንያቱ መታወቅ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ መሣሪያውና የሥራው ሁኔታ ሲለወጥ ፈተናውም እንደገና መመርመር አለበት።

በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በላንጋኖ ዳርቻ የነፍስ አድን ሥልጠና ለማቀድ የሚነሣ ባለሙያ የሲድኒን ወይም የብሪታንያን ቁጥር እንዳለ ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይበጃል፤ ውኃው ምን ያህል ይጠልቃል? ተጎጂው ከዳር ምን ያህል ይርቃል? ጀልባ አለ ወይስ የለም? የክፍል ተማሪዎቹን በሩጫ ሰዓት ብቻ የሚመዝን መምህርም በበኩሉ፣ ሰዓቱን ከመያዙ በፊት የሚለካው ችሎታ ለምን እንደሚያገለግል ለተማሪዎቹ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ማስረዳት ያልቻለ እንደሆነ መሻሻል ያለበት የተማሪዎቹ ፍጥነት ሳይሆን ፈተናው ነው።